ታንከሩ ከእኛ በፊት ጠጣ

መስከረም 4

ሱምባ ገባሁ። ከዋይንጋፑ ከተማ የመጣሁት አግዳሚ ወንበር በተገጠመለት የጭነት መኪና ነው። እዚህ «ኦቶ» ይሉታል። እግሬ ሥር የታሰረ አሳማ፣ ከኋላዬ 14 ከረጢት ሲሚንቶ። አሳማው ከእኔ ይልቅ ጉዞውን የለመደው ይመስላል።

ደሴት ሲሉኝ የታየኝ ኮኮናትና ለምለም ጫካ ነበር። ያገኘሁት ቢጫ ሣር የለበሰ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ጀርባ ደግሞ ሌላ ኮረብታ። ሱምባ ከባሊ በስተምሥራቅ፣ ከፍሎሬስ ደሴት በስተደቡብ ናት። ስፋቷ ወደ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የምሥራቁ ክፍሏ ከኢንዶኔዥያ ደረቅ ቦታዎች አንዱ ነው። ዝናቡ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አራት ወር ገደማ ይቆያል። የቀረው ሁሉ በጋ ነው።

የእኔ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት። ሮቶ ገዝቶ መምጣት አይቀልም ወይ ያላችሁኝ ነበራችሁ። ይቀላል። ግን የፕላስቲክ ታንከር ሲሰነጠቅ እዚህ የሚጠግነው የለም። በሽቦና በሲሚንቶ የተሠራውን ግን ሲሠራ ያየ ሰው ራሱ ይደፍነዋል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ እናያለን።

ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ደግሞ ልክ ይመጣል። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ነች። የትምህርት ቤቱን መምህር አስረዳሁት። «ታዲያ እኛ ለምንድን ነው ጠዋት ስድስት የምንለው?» አለኝ።

መስከረም 5

ከሰላምታ በፊት የሚቀርበው ሲሪህ ፒናንግ ነው። ፒናንጉ ጠንካራ ፍሬ ነው፣ ሲሪሁ የሚያቃጥል ተክል፣ ሦስተኛው ነጭ የኖራ ዱቄት። አንድ ላይ ይታኘክና ምራቁ ደም ይመስላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። አኘክሁ። ጆሮዬ ጋለ፣ ራሴ ዞረ፣ አንድ ግድግዳ ያዝኩ። ያረፍኩበት ቤት እመቤት፣ ሁሉም «ማማ» የሚሏቸው፣ እስኪያነቡ ሳቁ። በኋላ መምህሩ ሹክ እንዳለኝ፣ ተቀብሎ ኪስ መክተትም ይቻላል። ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት።

ማማ «ኡምቡ» ነው የሚሉኝ። በምሥራቅ ሱምባ የባላባት ወንድ መጠሪያ ነው፣ ሴቷ «ራምቡ» ትባላለች። እኔን ግን ሊያሾፉብኝ ይመስለኛል።

መስከረም 7

ስለ ጣራ።

የመንደሩ ቤቶች ያምራሉ። ጣራው ከመካከሉ ተነሥቶ እንደ ግንብ ወደ ሰማይ ይሾላል። የሚሸከመው አራት ትልልቅ ምሰሶ ነው። ከወለሉ በታች አሳማና ዶሮ፣ መካከል ላይ ሰው፣ ጫፍ ላይ ማራፑ። ማራፑ የቀደሙት አባቶች መንፈስም ነው፣ የእምነቱ ስምም ነው። ከመንደሩ ሰው ግማሹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹ ግን ማራፑን አልለቀቁም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2017 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በወሰነው መሠረት እንዲህ ያሉ ነባር እምነቶች መታወቂያ ላይ መጻፍ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ቦታው ባዶ ይተው ነበር ወይም የሌላ ሃይማኖት ስም ይሞላበት ነበር።

ጣራው ሣር ነው። ሣር ደግሞ ለእኔ ሥራ አይሆንም። የመጀመሪያውን ዝናብ ራሱ ይጠጣል፣ ቀጥሎ የሚያወርደው ሻይ የመሰለ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ለመያዝ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። በመንደሩ ቆርቆሮ የለበሱት ሦስት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና አንዲት ሱቅ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። የማማ ቤት ደግሞ በዚያው ሰዓት ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛው ቤት ውሃ የለው፣ ውሃ የሚሰጠው ቤት አያስቀምጥ።

የትምህርት ቤቱ ጣራ 8 በ9 ሜትር፣ 72 ካሬ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 72 ሊትር ያወርዳል። የሚረጨውንና የሚተነውን ቀንሼ በ58 ልያዘው። ታንከሩ ክብ ሆኖ ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ይሆናል፤ 9,800 ሊትር። 170 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል።

አርባ ቤት በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ቢቀዳ በ12 ቀን ያልቃል። ለ60 ተማሪ በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ቢሆን ግን ከ80 ቀን በላይ ይሄዳል። ስለዚህ የመጠጥ ነው፣ ለትምህርት ቤቱና ሕፃናት በሚመዘኑበት ወርኃዊ ቀን ለሚመጡ እናቶች። ለመንደሩ ስብሰባ ይህን ስናገር ወንዶቹ ፊታቸው ወደቀ። ገንዳ ሙሉ ውሃ ጠብቀው ነበር። ቁጥሩን ቀድሞ መናገር ይሻላል ብዬ ነው።

መስከረም 10

ከሴቶቹ ጋር ውሃ ወረድኩ።

ሱምባ አብዛኛው መሬቷ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ላዩ ላይ አይቆይም፣ ይሰርግና ገደል ሥር ይወጣል። ምንጩ ያለው ከመንደሩ ታች፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። መውረድ 35 ደቂቃ። ተራ መጠበቅ 20። መውጣት 50። ደመርኩት፣ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ። አንዲት ሴት ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ሁለት ትይዛለች። አሥር ሊትር ማለት ነው።

እኔም ሁለት ይዤ ወጣሁ። አንደኛውን ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ተቀበለችኝ። እምቢ ብል ደስ ባለኝ፤ ጉልበቴ ግን አልፈቀደም።

መስከረም 12

አሸዋው መጣ። ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ጥሩ የወንዝ አሸዋ ያለው ግን 9 ኪሎ ሜትር ርቆ። ሾፌሩ ከወንዝ ነው ብሎ ማለልኝ። ቁንጥር አድርጌ ምላሴ ላይ አኖርኩ። ጨው! ወንዙ ከባሕሩ ከሚገናኝበት አፍ ላይ ነው የጫነው። ጨዋማ አሸዋ ሽቦውን ውስጥ ውስጡን ያዝገዋል፤ ታንከሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዝገት ያብጥና ልስኑ ይረግፋል። እጠበው አሉኝ። በምን ውሃ?

ተመለሰ። የነዳጁን ሒሳብ ማን ይክፈል በሚል ክርክር ግማሽ ቀን ሄደ። ግማሽ በግማሽ ተስማማን። ሾፌሩ አኩርፎ ፒናንግ ሳይሰጠኝ ሄደ፣ እዚህ አገር ይህ ቀላል ስድብ አይደለም።

መስከረም 16

ማታ ኮረብታው በእሳት መስመር ተከበበ። እረኞች ናቸው፣ የደረቀውን ሣር ያቃጥሉታል፣ አዲስ ቡቃያ ለፈረስና ለከብት እንዲወጣ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት ቀኑ ትዝ አለኝ። ደመራ! ለማማ ነገርኳቸው። እኛም ዛሬ እሳት እናነዳለን፣ ነገ መስቀል ነው አልኳቸው። «እናንተም ሣር ፈልጋችሁ ነው?» አሉኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ አዎ አልኩ።

መስከረም 19

ከላይኛው መንደር ሰው ሞተ። ሥራ ቆመ።

መስከረም 25

ስድስት ቀን። ጎንጉ፣ የሚደበደበው የብረት ሳህን፣ ሌሊቱን ሙሉ ይመታ ነበር። ሟቹ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ታጥፎ፣ በእጅ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጠቅልለው ነው የሚሰናበቱት። እንግዳው በቡድን በቡድን ይመጣል፤ አንዱ አሳማ ተሸክሞ፣ አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ፈረስ እየሳበ። እኔ አምስት ኪሎ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ጎሾች ታረዱ። መቃብሩ ከመንደሩ መካከል ነው፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ በአራት እግር ላይ። ልጆቹ በሌላ ቀን ላዩ ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ማሽላና በቆሎም ይሰጣበታል።

ብዙ የውጭ ሰው እዚህ ይደርስና «በዚህ ገንዘብ ስንት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር» ይላል። እኔም በሦስተኛው ቀን ብዬዋለሁ፣ በሆዴ። መምህሩ ደብተሩን አሳየኝ። ማን ምን እንዳመጣ ተጽፏል። የመምህሩ አባት የሞቱ ጊዜ የዛሬው ለቅሶ ቤት አሳማ አምጥቶ ነበርና ዛሬ አሳማ ይመለሳል። የእድራችንን መዝገብ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚህ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረውም አንዳንዴ እሱ ነው። መምህሩ ራሱ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

መስከረም 28

ወለሉ ተሞላ። ቶንዲኖውን በክብ አጥፈን አቆምን፣ የዶሮ ሽቦ ሁለት ዙር አለበስነው፣ ከውስጥ በኩል ጆንያ ወጥረን አሰርን። ወንዶቹ እጃቸው ሽቦ ላይ ፈጣን ነው። አጥርና ኮርቻ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የእኔን አስተሳሰር አይተው ፈትተው እንደገና አሰሩት፣ ምንም ሳይናገሩ።

ጥቅምት 1

ግድግዳውን ለሰንን። አንድ ሲሚንቶ፣ ሦስት አሸዋ። ጠዋት መጀመር ነበረብን፣ የሽቦው ሥራ ተጓተተና አምስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ነገ ይሁን ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ አላልኩም።

ጥቅምት 2

ጠዋት ሄጄ አየሁ። በፀሐይ በኩል ያለው ግድግዳ ፀጉር ፀጉር በሚያካክሉ ስንጥቆች ተሸፍኗል። የእጅ ካርታ ይመስላል። ልስኑ ሳይጠነክር ፀሐይና ነፋሱ ውሃውን ነጠቁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው ዝም አሉ። አንዱ ስንጥቁን በጣቱ ተከትሎ ወንዝ ነው አለ።

ያንን ወገን አራገፍን። ማታ 11 ሰዓት ላይ በጥላ እንደገና ለሰንነው።

ጥቅምት 3

ትናንት ሌሊት በባትሪ መብራት ሒሳብ ሠራሁ። ከመምጣቴ በፊት መሠራት የነበረበት ሒሳብ ነው።

ሲሚንቶ ለማቡኪያ 300 ሊትር። ለ14 ቀን ግድግዳውን ውሃ ለማጠጣት በቀን 60 ሊትር፣ 840። እቃ ማጠቢያና የፈሰሰው ሲጨመር 1,200 ሊትር ገደማ። ይህን ሁሉ ከሸለቆው የሚያወጡት ሴቶቹ ናቸው። በአሥር ሊትር ሲካፈል 120 ጉዞ። በአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲባዛ 210 ሰዓት።

ፕሮጀክቱ የቀረበበት ወረቀት ላይ ሲሚንቶ አለ፣ ሽቦ አለ፣ የእኔ ትኬትም አለ። ውሃ የሚል መስመር የለም። «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ» የሚል ግን አለ። ለካ ተሳትፎ ማለት 210 ሰዓት ነው።

ጠዋት በመምህሩ በኩል ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ቁጥሩን ስናገር አፍሬ ነበር። ማማ አላስደነቃቸውም።

«እኛ ቆጥረነዋል፣ ኡምቡ። አንተ መቼ ትቆጥረው ይሆን እያልን ነበር» አሉ።

ከዚያ ሸማቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይሄኮ እንደ ኢዊ ነው» አሉ።

ኢዊ የዱር ሥር ነው፣ በቆሎው ሲያልቅ ወይም ዝናቡ ሲዘገይ የሚበላ። መርዝ አለው። በስሱ ይቆረጥና ቀናት ሙሉ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው እየተለወጠ። ውሃ ያልጠገበውን የበላ ይመረዛል። ውሃ በሌለበት አገር ረሃብ ማስታገሻው ውሃ የሚጠጣ ሥር መሆኑ! ሴቶቹ ስለዚህ በትንሽ ውሃ አንድን ነገር ለብዙ ቀን እርጥብ አድርጎ ማቆየት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ማማ ግድግዳው ላይ ውሃ መርጨት ብክነት ነው አሉ፤ ግማሹ መሬት ይጠጣዋል፣ ግማሹን ፀሐይ።

የሩዝ ጆንያ ሰበሰቡ። ነክረው ግድግዳውን አለበሱት። በላዩ የሙዝ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ የእኔን የሲሚንቶ ሸራ፣ ዙሪያውን በገመድ። ታንከሩ ብርድ የመታው ሰው መሰለ። ውሃው በቀን ወደ 25 ሊትር ወረደ። ሽማግሌው ደግሞ ማታ ሁለት ፈረስ ፈቀዱ። ፈረሶቹ በበጋው ከስተዋል፣ ባለቤቶቹም ሲሳሱ ነበር። የመጀመሪያውን ጭነት ያወጡት ወንዶች ልጆች ናቸው፣ ያለ ኮርቻ፣ እየዘፈኑ። ሴቶቹ ከበረንዳ ሆነው አጨበጨቡላቸው፣ እንዳየሁት ከሆነ ማጨብጨቡ ከልብ አልነበረም።

ጥቅምት 9

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ጥላዬ እግሬ ሥር ገባ። በዚህ ሰሞን ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ነች። ግድግዳው በሸራው ሥር አሪፍ ነው፣ ቀዝቃዛና ጥቁር። ስንጥቅ የለም።

ጥቅምት 18

ሸራው ተነሣ። ክዳኑ ተለሰነ። ቀሪው የቧንቧ ሥራ ነው።

አሸንዳውን በጣራው ሁለት ጎን ሰቀልን። ወደ ታንከሩ ከመግባቱ በፊት ባለ ስድስት ኢንች ቧንቧ ቀጥ አድርገን አቆምን፣ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ታቹ በክዳን የተዘጋ። የመጀመሪያው 40 ሊትር ገደማ እዚያ ይገባል፤ የበጋውን አቧራ፣ የእሳቱን አመድ፣ የወፉንና የእንሽላሊቱን ኩስ ይዞ። እሱ ሲሞላ ነው ንጹሑ ወደ ታንከሩ የሚያልፈው። ከዝናብ በኋላ ክዳኑን ፈትቶ ማፍሰስ የልጆች ተራ ሆኗል፣ ስም ዝርዝሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አለ።

በመግቢያውም በትርፍ መውጫውም የትንኝ መረብ አሰርኩ። ሱምባ ወባ አለባት። ክዳኑ የተከፈተ ታንከር ከውሃው ይልቅ ትንኙን ያመርታል። ይህን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ማማ እጃቸውን አወዛውዘው አስቆሙኝ። ሰምተናል ማለታቸው ነው።

ጥቅምት 29

መጠበቅ። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ካለው አንድ ዛፍ ሥር ነው፣ ያውም ከወደ ምዕራብ ቆመህ። ማታ ማታ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ነው። ባሊ ሆቴል ከሚሠሩ ወንድምና እህቶቻቸው ጋር ያወራሉ።

መምህሩ የዛሬ ጥቂት ዓመት አንበጣ የበቆሎውን ማሳ እንዴት እንዳራቆተው ነገረኝ። በዚያው ሰሞን በእኛም አገር አንበጣ ሰማይ ሸፍኖ እንደነበር ነገርኩት። ቆርቆሮ እየደበደቡ ማባረር እዚህም አለ። እንዴት እንደሚጮህ ሲያሳየኝ ሁለት ድስት አጋጨ፣ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ተነሡ።

ኅዳር 12

ደመና መጣ። አየነው። ሄደ።

ኅዳር 24

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሽታው ነው የደረሰኝ፣ የተቃጠለ ሣርና የራሰ አፈር። ማማ ቤት የሣር ጣራ ሥር ስለምተኛ ድምፅ የለም፣ ዝናቡ ለስለስ ብሎ ይሰርጋል። ከትምህርት ቤቱ በኩል ግን ቆርቆሮው ይጮኻል። ባትሪ ይዤ ሮጥኩ። ብቻዬን የሮጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሽ መንደር ቀድሞኛል።

መጀመሪያ የቆመው ቧንቧ ሞላ። ከዚያ ታንከሩ ውስጥ መውደቅ ጀመረ። ክብ ባዶ ነገር ውስጥ ሲወድቅ ልዩ ድምፅ አለው። አንዲት እናት ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

ጠዋት ያስቀመጥኩትን ቆርቆሮ ጣሳ ለካሁ፣ 25 ሚሊ ሜትር። በትር ወደ ታንከሩ ከተትኩ፣ 28 ሳንቲ ሜትር። 1,400 ሊትር ገደማ። ሒሳቡ ገጠመ። ለግንባታው የጠጣነው 1,200 አልደረሰም ነበር፤ ለጆንያዎቹ ምስጋና ይግባና። ያም ሆኖ ሊመለስ የቻለው ውሃው ብቻ ነው፣ ሰዓቱ አይመለስም።

የመጀመሪያው ውሃ እንደማይጠጣ ነግሬያለሁ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ይለቃል፣ ስለዚህ አንዴ መፍሰስ አለበት። «መፍሰስ» የሚለውን ቃል መምህሩ ሲተረጉም ዝምታ ወረደ። 1,400 ሊትር ማፍሰስ። እኔም ቃሉን ስናገር አፌ ተሳሰረ።

ማማ የሚሰሙኝ አልመሰሉም። ቧንቧውን ከፈቱ፣ በመዳፋቸው ተቀበሉ፣ ቀመሱት። ፊታቸውን ቋጠሩ፣ ምራቃቸውን ተፉ፣ ቀይ ነበር። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ኖራው አለ» አሉ። «ፒናንግ ብቻ ነው የጎደለው።»

ምንም አልፈሰሰም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አሳማው ጠጥቷል፣ የዓመቱ ብርድ ልብስ ሁሉ ታጥቦ የአጥሩ ርዝመት አልበቃውም፣ አንዲት ልጅ ደግሞ በአምስት ሊትር ጀሪካን ፈረሱን ታጥባለች።